እማማ ሃሎ ከላይ ሲታዩ

ሥራ ላይ የሚያውቋት ሁሉ «ትከሻ» ይሏታል። ስሙን ያወጣላት አንድ የመብራት ሠራተኛ ነው። አንድ ጊዜ የካሜራው ማቆሚያ ትሪፖድ ተሰብሮባት ከጠዋት እስከ ማታ ካሜራውን በቀኝ ትከሻዋ ተሸክማ ቀረጸችና፣ ቤቷ ስትገባ ክንዷ አልታዘዝ ብሏት ሾርባዋን በግራ እጇ ጠጣች። ይህን የሰማው የመብራት ሠራተኛ በማግስቱ «ትከሻ መጣች!» አለ፤ ስሙም በዚያው ተጣብቆባት ቀረ። እሷም አልጠላችውም። ካሜራ ከያዘች ሃያ ሁለት ዓመት ሆኗታል። ዜና ቀርጻለች፣ ሠርግ ቀርጻለች፣ የሳሙና ማስታወቂያ ቀርጻለች፤ ያለፉትን አሥራ አንድ ዓመታት ደግሞ ከታናሽ ወንድሟ ጋር ዘጋቢ ፊልም ስትሠራ ኖራለች። እሱ ዳይሬክተር፣ እሷ ካሜራ።

ወንድሟ ሠላሳ አራት ዓመት ሞልቶታል። ጢሙን አሳድጓል፣ መነጽር አድርጓል፣ ሰው «አቶ ዳይሬክተር» እያለ ከወንበሩ ይነሳለታል። ለእሷ ግን ያው «ማሙሽ» ነው። እሱም የፈለገው ባለሥልጣን ፊት ቢሆን «እታለም» ይላታል። ሙያውን ያስተማረችው እሷ ናት። የፊልም ትምህርት ቤት የገባው በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት በእሷ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ፣ ድንች እየላጡ ነው የተማረው።

«ሰውን ከላይ ወደ ታች ከቀረጽከው ታሳንሰዋለህ» ትለው ነበር። «ተመልካቹ ለምን እንደሆነ ሳያውቅ ያዝንለታል፤ ወይ ይንቀዋል። ከታች ወደ ላይ ከሆነ ይገዝፋል፣ ያስፈራል። በዓይኑ ቁመት ልክ ከሆንክ ግን አጠገቡ ተቀምጠሃል ማለት ነው።»

«ፊቱን ብቻ ብይዘውስ?»

«ፊቱን ስትይዝ ልቡ ይታያል። ዙሪያውን ግን አጥተኸዋል። አጠገቡ ማን እንዳለ፣ ማን እጁን እንደያዘው አይታይም። ስለዚህ ስትጠጋ ምን እንዳስወጣህ እያወቅክ ተጠጋ።»

ማሙሽ ድንቹን አስቀምጦ ይጽፍ ነበር። ጎበዝ ተማሪ ነው፤ ይህን ማንም አይክደውም።

ነገሩ የተጀመረው አንድ የአረጋውያን መርጃ ድርጅት ፊልም እንዲሠራለት ማሙሽን ያነጋገረው ጊዜ ነው። ማሙሽ ለእህቱ የነገራት እንዲህ ብሎ ነበር፤ «በቤታቸው ስለሚጦሩ እናትና አባቶች፣ ስለሚጦሯቸውም ልጆች ነው። ደስ የሚል ነገር ነው እታለም፤ ለቅሶ የለበትም።» ለቅሶ የለበትም ያለውን በደንብ ታስታውሳለች፤ እሺ ያለችውም ለዚሁ ነው። የሽማግሌ እንባ መቅረጽ ከሰለቻት ሰንብቷል።

የሚቀረጸውን ቤት ያገኘችውም ራሷ ናት። ከቤቷ ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ ሱሪዋን የምታሳጥርላት ልብስ ሰፊ አለች፤ አርባ አንድ ዓመቷ ነው፣ ሰፈሩ ሁሉ «እቱ» ይላታል። እናቷ ሠላሳ አንድ ዓመት በስልክ ማዞሪያ ቤት ሠርተው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። ጡረታ ከወጡም በኋላ መንገድ ላይ ሰው ከኋላ ሲጠራቸው «ሃሎ፣ ይጠብቁ!» ብለው ይዞሩ ስለነበር፣ ስማቸው «እማማ ሃሎ» ሆኖ ቀረ። ከሦስት ዓመት በፊት ግን ደም ጭንቅላታቸው ውስጥ ፈሶ ቀኝ ጎናቸውና አንደበታቸው ተያዘ። ያን ሁሉ ዘመን አገሩን በድምፃቸው ሲያገናኙ የኖሩ ሴት፣ አሁን የቀሩላቸው ቃላት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ውሃ። ተይ። ይቺ። እቱ።

እቱ የልብስ ፋብሪካ ሥራዋን ትታ ከእናቷ ጋር ቤት ዋለች። የስፌት መኪናዋን ከአልጋው ፊት ለፊት ተከለችው፤ አልጋውንም በአራት ጡብ ከፍ አድርጋ ከመኪናው ጠረጴዛ ጋር አስተካከለችው። ለምን ቢሏት፣ እናቷ በደህናው ግራ እጃቸው የሚሰፋውን ጨርቅ ጫፍ እንዲይዙላት ነው። «ያዢልኝ እማዬ» ትላለች፤ እሳቸው ይይዛሉ። ስፌቱ ከተጣመመ እማማ ሃሎ «ተይ!» ይላሉ፤ እቱ ትተረትረዋለች።

«ደሞዝ ጠይቃኝ አታውቅም» ብላ ነበር እቱ ለትከሻ፣ እየሳቀች። «ግን አለቃዋ እሷ ናት።»

የቀረጻው ዕለት ትከሻ ዝቅ ያለች መቀመጫ ለምና አልጋው አጠገብ ተቀመጠች። ካሜራውን ከእማማ ሃሎ ዓይን ጋር አስተካከለችና የምስሉን ክፈፍ፣ ፍሬሙን፣ ሰፋ አደረገችው፤ በግራ አልጋው፣ በቀኝ መኪናው፣ በመሃል ከአንዷ እጅ ወደ ሌላዋ የሚሄደው ሰማያዊ ጨርቅ። ከዚያ ዝም ብላ ቀረጸች። አራት ደቂቃ ሙሉ እጇ አልተንቀሳቀሰም። መኪናው ይንገጫገጫል፣ ይቆማል፣ እንደገና ይንገጫገጫል። እማማ ሃሎ ከጨርቁ ቀና ብለው ልጃቸውን ያያሉ፤ ደህናው የፊታቸው ግማሽ ፈገግ ይላል። እቱ አይታ እንዳላየች ትሆናለች። ትከሻ በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ ሾት ሦስት ወይ አራት ጊዜ ቢገጥማት ነው።

ማሙሽ ከኋላዋ ትንሿን ስክሪን እያየ ነበር። «ግሩም» አለ። ቆይቶም፣ «እታለም፣ እስኪ ወንበር ላይ ውጪና አንድ ብቻ ከላይ ያዢልኝ» አላት።

«ከላይ? ለምን?»

«ለመሸፈኛ። ኤዲት ላይ መሸጋገሪያ ቢቸግረኝ ብዬ ነው።»

«እኔ እሳቸውን ከላይ መያዝ አልወድም።»

«ሁለት ሰከንድ ብጠቀምበት ነው። እመኚኝ።»

«እሺ» አለች።

ማሙሽ ወደ እቱ ዞረ። «እህት፣ ጥላሽ አልጋው ላይ ወደቀብኝ። ትንሽ ወደዚያ ፈቀቅ ትይልኛለሽ?» እቱ ይቅርታ እየጠየቀች ተነስታ ከፍሬሙ ወጣች። ያኔ ነው ትከሻ ካሜራውን ያጠፋችው።

ወንበሩ ላይ ወጥታ ቀረጸች። ከዚያ ማሙሽ እማማ ውሃ ሲጠጡ እጃቸውን ጠጋ ብላ እንድትይዝለት ጠየቃት፤ ቀጥሎ ደግሞ የተዘጋውን በር። ነገሩ ትንሽ ሸከክ አደረጋት። በር ለምን ያስፈልጋል? ግን ወንድሟ ነው፤ አሥራ አንድ ዓመት አብረው ሠርተዋል፤ ተወችው።

ሲወጡ እቱ በአንድ እጇ ፀጉሯን እያስተካከለች፣ «እኔም እታያለሁ እንዴ? ፀጉሬን እንኳን አልተሠራሁም» አለች።

«ታሪኩ የሁለታችሁ ነው» አላት ማሙሽ፣ እጇን በሁለት እጁ ይዞ። «አንቺ ከሌለሽ ፊልም የለም።»

ከሁለት ወር በኋላ ፊልሙ እሑድ ከሰዓት በቴሌቪዥን እንደሚታይ ተነገረ። ትከሻ ተቆርጦ ያለቀውን ፊልም አላየችም፤ በጠየቀችው ቁጥር ማሙሽ «ሰርፕራይዝ ይሁንብሽ» እያለ ይስቃል። እቱ ግን አብረን ካላየነው ሞቼ እገኛለሁ ብላ ጋበዘቻት። ትልቅ ቴሌቪዥን ያላት የሰፈሩ ባለሱቅ ስለሆነች፣ እማማ ሃሎን በወንበር ተሸክመው እሷ ሳሎን አስገቧቸው። እቱ ለእናቷ አንገቱ ላይ ነጭ ጥልፍ ያለበት አዲስ ቀሚስ ሰፍታላቸዋለች። ሶፋው ሞላ፣ ምንጣፉ ሞላ፣ በሩ ላይ የቆመም አለ። ትከሻን ከእቱ ጎን አስቀመጧት።

ፊልሙ የተጀመረው ከላይ ነው። እማማ ሃሎ በነጭ አንሶላ መሃል፣ አንሰው፣ ሰው አስቀምጧቸው የረሳቸው ዕቃ መስለው ታዩ። ሁለት ሰከንድ የተባለው አሥራ ሁለት ሰከንድ ቆየ፤ ትከሻ ልማድ ሆኖባት ቆጠረችው። የስፌት መኪናው ድምፅ የለም። በምትኩ ፒያኖ ገባ፤ እዚያ ቤት ያልነበረ የግድግዳ ሰዓትም ቋ፣ ቋ ይላል። ቀጥሎ ወደ ብርጭቆ እየተንቀጠቀጠ የሚሄድ እጅ መጣ። ብርጭቆውን ይዛላቸው የነበረችው እቱ ናት፤ ምስሉ እንዲጎላ ተደርጎ ጣቶቿ ከጠርዙ ውጪ ቀርተዋል። ከዚያ ደግሞ የእማማ ፊት፣ ስክሪኑን ሞልቶ። ዓይናቸው ወደ ጎን ይመለከታል። ከፊታቸው ቀጥሎ የተዘጋው በር። እንደገና ፊታቸው። እንደገና በሩ።

«ቀኑን ሙሉ በሩን ይጠብቃሉ» አለ ወፍራም የተራኪ ድምፅ። «የሚመጣ ግን የለም።»

ያ ዓይን ይመለከት የነበረው በሩን አልነበረም፤ መኪናው ላይ ያጎነበሰችውን እቱን ነበር። ከአራቱ ደቂቃ ላይ ፊቱ ብቻ ተቆርጦ ወጥቷል። ትከሻ ይህን አንድ በአንድ እያወቀች፣ ለቅሶ መጣባት። ውሸት መሆኑን እያወቀች አንጀቷን በላው። ከሁሉ የከፋባት ይሄ ነው።

ሳሎኑ ውስጥ ሰው ንፍጡን ይስባል። እቱም መጀመሪያ ታለቅስ ነበር፤ «እማዬን፣ እማዬን» እያለች። ከዚያ ድንገት ማልቀሷን አቆመች። እጇን ከአፏ ላይ አወረደችና ቴሌቪዥኑን በደረቅ ዓይን ታየው ጀመር። እስኪያልቅ ድረስ ራሷ የምትታይበትን ጠበቀች፤ አንዴ እንኳን፣ ጥግ ላይ እንኳን፣ ጥላዋ እንኳን አልታየም።

ፊልሙ አለቀ። አንዲት ሸምገል ያሉ ጎረቤት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እቱዬ፣ ያን ቀን አንቺ የት ሄደሽ ነበር?» አሉ። ክፋት የለባቸውም። በየማለዳው ያቺ ልጅ የእናቷን አንሶላ ስታሰጣ የሚያዩ ሴት ናቸው። ግን ጠየቁ።

መልስ የሰጡት እማማ ሃሎ ናቸው። ግራ እጃቸው ተነሳና ወደ ቴሌቪዥኑ አመለከተ፤ ከዚያ ወደ ልጃቸው። «ይቺስ?» አሉ። ፊታቸው ደም መሰለ። «ይቺ... ይቺስ?»

እቱ ወደ ትከሻ ዞረች። አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻል ነበር። «አንቺ ነሽ የቀረጽሽው» አለቻት።

«እኔ አልቆረጥኩትም። እኔም አሁን ነው ያየሁት፣ እመኚኝ...» አለችና ትከሻ ቃሉ አፏ ላይ ቀረ። ይህን ቃል በቅርቡ ከማን እንደሰማችው ትዝ አላት።

«ወንበር ላይ የወጣሽው አንቺ ነሽ። ወንድምሽን አላውቀውም፤ ቤቴ ያስገባሁት አንቺን ነው።»

ትከሻ ከዚያ ሳሎን እንዴት እንደወጣች አታስታውስም። ቀጥታ ወደ ማሙሽ ኤዲቲንግ ክፍል ሄደች። እሑድም ቢሆን እዚያ እንደሚሆን ታውቃለች። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ሁለት ስክሪን፣ የተቆረሰ ዳቦ፣ ግድግዳው ላይ በወረቀት የተሞላ ሰሌዳ። ማሙሽ ስልክ ላይ ነበር፣ ፊቱ በርቷል። ሲያያት ስልኩን ዘግቶ ሊያቅፋት ተነሳ።

«አየሽው? ስልኬ ዕረፍት አጣ እኮ! ድርጅቱ...»

«ልጅቷ የት ሄደች?»

እጆቹ እንደተዘረጉ ቀሩ። «የቷ ልጅ?»

«ማሙሽ!»

ቁጭ አለ። መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጠረገ። «እታለም፣ ድርጅቱ አንጀት የሚበላ ነገር ነው የፈለገው። የሚጦሩ እናት ካየ ማን ይነቃል? ሰው አይቶ፣ ጎሽ የኔ ልጅ ብሎ፣ ቻናል ይቀይራል። እኔ ብዙ አረጋውያን ይረዱበታል ብዬ ነው። ደግሞ አንድም የውሸት ምስል የለበትም። ሁሉንም የቀረጽሽው አንቺ ነሽ። አልጋው እውነት ነው፣ እጁ እውነት ነው፣ በሩ...»

«የሚመጣ የለም ያልከውስ?»

«እሱ ተራኪው ነው» አለ፤ እሱንም ሳያሳፍረው አልቀረም፤ ዓይኑን ሰበረ። ከዚያ ግን እልህ ያዘው። «ማነው ያስተማረኝ? ከላይ ስትይዘው ያንሳል፣ ስትጠጋ ዙሪያው ይጠፋል ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም?»

የትከሻ ዓይን ከጭንቅላቱ በላይ ሰሌዳው ላይ አረፈ። የማሙሽን ጽሕፈት ከድንች ልጣጩ ዘመን ጀምሮ ታውቀዋለች፤ ወደ ግራ ያዘነበለ ነው። ጠጋ ብላ አነበበችው። «እማማ ሃሎ፦ ከላይ፣ አልጋ ብቻ። እጅና ብርጭቆ። የተዘጋ በር። ልጅቷ ፍሬም ውስጥ አትግባ።» ከታች ቀን አለ። ቀኑ ከቀረጻው በሦስት ቀን ይቀድማል።

ሁለቴ አነበበችው። ድርጅቱ አስገድዶት በኋላ የቆረጠው ነው ብላ ልታምን ዝግጁ ነበረች፤ ልቧ ውስጥ ምክንያቱን እንኳን አዘጋጅታለት ነበር። ጥላሽ ወደቀብኝ። ለመሸፈኛ ነው። ታሪኩ የሁለታችሁ ነው። ሁሉም ተጽፎ፣ ታስቦበት፣ ተለማምዶት የመጣ ነው። እቱን ብቻ አይደለም ያታለላት፤ የገዛ እህቱን እንደ ትሪፖድ አቁሟት ነበር።

«ለምን አልነገርከኝም?» አለች።

«ብነግርሽ ወንበሩ ላይ ትወጪልኝ ነበር?»

«አልወጣም።»

«ታዲያ!» አለ ማሙሽ፣ ነገሩ በዚህ ያለቀ ይመስል።

ወረቀቱን ከሰሌዳው ነቅላ ኪሷ ከተተችና ወጣች። ደረጃው ላይ «እታለም! እታለም!» እያለ ሲጣራ ሰማችው። አልዞረችም።

በዚያ ሳምንት ወሬው እግር አወጣ። ከሌላ ሰፈር የሚመጡ የእቱ ደንበኞች አንድ በአንድ ጨርቃቸውን መውሰድ ጀመሩ። አንዷ የልጇን የሠርግ ልብስ ከነመርፌው አንስታ ሄደች፤ «እናቱን የጣለ እጅ የሰፋውን ልጄ አትለብስም» ብላ። ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ ሰው ያፈጥጥባታል። ከሁሉ የሚገርመው የሰፈሩ ሰው ነበር። በዓይናቸው የሚያዩትን ያውቃሉ፤ ግን «ምናልባት አንዳንዴ በሩን ቆልፋ ትወጣ ይሆናል» የሚል ሹክሹክታ ከመካከላቸው ወጣ። እማማ ሃሎን ባዩ ቁጥር ያቺ ከላይ የታየችው ትንሽ አሮጊት ትመጣባቸዋለች።

ትከሻ ወደ ድርጅቱ ሄደች። የድርጅቱ ኃላፊ ሻይ አቀረቡላት፣ በትሕትና አዳመጧት፣ «ፊልሙ የብዙ ሰው ልብ ነክቷል» ብለው ሸኟት። ወደ ቴሌቪዥን ጣቢያው ጻፈች። ደውላ ጠየቀች። እንደገና ጻፈች። ማስተካከያ ይታሰብበታል አሏት።

በመጨረሻ ያላት ነገር አንድ ብቻ ነበር። የቀረጸችውን ሁሉ ሳይቆረጥ ቤቷ ማስቀመጥ የቆየ ልማዷ ነው። አንድ ጠዋት ያን ሰፊ ሾት ከፍታ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አየችው። ከአራቱ ደቂቃ በኋላ ካሜራው ወዲያው እንዳልጠፋ ያኔ ነው ያስተዋለችው። ድምፁ ሁሉ አለ። የማሙሽ አለ፤ የእሷም «እሺ» አለ። እዚያች ላይ ጣቷ ቆመ። ብትቆርጠው የሚያውቅባት የለም፤ አራቱ ደቂቃ ብቻውን ለእቱ ይበቃት ነበር። ሻይ አፈላች። መስኮት ላይ ቆማ ጠጣችው። ተመልሳ ቀረጻውን አንዳች ሳትቆርጥ ለማሳያ ገለበጠችው።

የሠርግ አዳራሽ ውስጥ ከሚሠራ ጓደኛዋ ፕሮጀክተር ተውሳ፣ ገና ጀንበር እየጠለቀች ሳለ የእቱ ግቢ ውስጥ የልብስ ማስጫው ገመድ ላይ ነጭ አንሶላ ዘረጋች። ባለሱቋ ሰዉን ጠራችላት። ሠላሳ የሚሆን ሰው መጣ። እቱ ግን አልወጣችም፤ «የጀመርሽውን ጨርሺ፣ እኔን ተይኝ» ብላ መኪናዋ ላይ ቀረች። ቤቱ ክፍት ስለሆነ መንገጫገጩ እስከ ግቢው ይሰማል።

«ይህን የቀረጽኩት እኔ ነኝ» አለች ትከሻ። ሌላ ንግግር አልመጣላትም።

አንሶላው ላይ አልጋውና መኪናው፣ እናትና ልጅ፣ በመሃላቸው ሰማያዊው ጨርቅ ታየ። መጀመሪያ ሰው አንድ ነገር ይሆናል ብሎ ጠበቀ። ምንም አልሆነም። አንድ ደቂቃ አለፈ። ሰው መንሾካሾክ ጀመረ። «ያ ከመስኮቱ ማዶ ያለው የኔ ብርድ ልብስ አይደለም?» አለ አንዱ፤ ሳቅ ሆነ። «እዩ፣ አልጋው በጡብ ነው እንዴ የቆመው?» አለች ሌላዋ። «ጨርቁን የያዙት እኮ እሳቸው ናቸው!» አንሶላው ላይ እማማ ሃሎ «ተይ!» ሲሉ፣ እቱም ስፌቱን ስትተረትር ግቢው ሁሉ ሳቀ። እማማ ቀና ብለው ልጃቸውን ሲያዩ ግን ሳቁ ቆመ። ያን ፊት ሁሉም ያውቀዋል። በር ሲጠብቅ አይተውት ነበር።

እኚያ ሸምገል ያሉት ጎረቤት፣ «አዬ የኔ ነገር» አሉና ነጠላ ጫማቸውን ማየት ያዙ።

ከዚያ ድምፆቹ መጡ። እስኪ ወንበር ላይ ውጪ። ሁለት ሰከንድ ነው። እመኚኝ። እሺ። ጥላሽ ወደቀብኝ። እቱ ይቅርታ እየጠየቀች ከምስሉ ስትወጣ፣ አልጋው ላይ እማማ ብቻቸውን ቀሩ፤ አንሶላውም ነጭ ሆነ። ትከሻ ፊቷ ሲግል፣ ጆሮዋ ድረስ ሲነድ ተሰማት። ሰው ሁሉ ወደ እሷ ዞሯል። ቀና ብላ ማየት ከበዳት፤ ግን ቆመች።

«እሺ ያልሽው አንቺ ነሽ?» አለች ባለሱቋ።

«እኔ ነኝ።»

የስፌት መኪናው ድምፅ ከቆመ ቆይቷል። እቱ በሩ ላይ ነበረች፤ መቼ እንደወጣች ትከሻ አላየችም። ሰዉ ወደ እሷ ሄደ፤ አንዷ አንገቷን አቀፈቻት፤ እኚያ ሸምገል ያሉት ሴት ጉልበቷን ሊይዙ ሲሉ እቱ አነሳቻቸው። ሰው ሲበተን ትከሻ አንሶላውን እያጠፈች ሳለች እቱ መጥታ ሌላውን ጫፍ ያዘችላት። አንድ ላይ አጠፉት።

«ለእነሱ አሳየሻቸው፤ እግዜር ይስጥሽ» አለች እቱ። «ለዚያ ቴሌቪዥን ላየው አገር ሁሉስ?»

«ጽፌያለሁ። እየጻፍኩም ነው።»

«ሁሉንም ታገኚያቸዋለሽ?»

«አላገኛቸውም» አለች ትከሻ። መዋሸት አልቻለችም።

እቱ ራሷን ነቀነቀች። «ሱሪ ካለሽ አምጪ፣ አሳጥርልሻለሁ። ሥራዬ ነው። ካሜራ ይዘሽ ግን እዚህ ቤት እንዳትመጪ።»

ጣቢያው ከሰባት ሳምንት በኋላ ማስተካከያ አነበበ። በዜናው መጨረሻ፣ ከአየር ጠባዩ በፊት፣ ያለ ምስል፣ ሦስት ዓረፍተ ነገር። አንዳንድ ደንበኞች ተመለሱ። የሠርግ ልብሱን የወሰደችው ሴት አልተመለሰችም።

ትከሻ ስሟን ከፊልሙ አስወጣች፤ ከወንድሟም ጋር መሥራት አቆመች። አሁን ለአንድ መሐንዲሶች ቢሮ የድልድዮችን ስንጥቅ ትቀርጻለች። ስንጥቁ ጎን ማስመሪያ አስቀምጣ፣ ፊት ለፊት ቆማ፣ ሳታጋድል። ከማሙሽ ጋር እናታቸው ቤት ሲገናኙ ሰላም ይባባላሉ፣ ስለ እናታቸው መድኃኒት ይነጋገራሉ፣ እናታቸው «ምን ሆናችሁ?» ሲሏቸው ሁለቱም «ምንም» ይላሉ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ቤቷ መጣ። ጢሙን ተላጭቷል፤ ሳይታሰብ ልጅ መስሎባት ሆዷ ባባ። ሻይ ቀዳችለት። ጠረጴዛው ላይ ብርጭቆውን ያዞር ጀመር።

«ሄጄ ነበር» አለ። «እቱ ጋ። ይቅርታ ልጠይቃት። ቆሜ የምለውን ሁሉ አልኩ፤ ሰማችኝ፤ ከዚያ ስፌቷን ቀጠለች።»

«እሺ።»

«አዲስ ሥራ አግኝቻለሁ። ስለ ወንዝ ነው፤ ሰው የለበትም» ብሎ ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ያላንቺ አይሆንልኝም እታለም። ሌላ ካሜራ ሞከርኩ። ሌላ ዓይን ነው።»

«አይሆንም ማሙሽ።»

«እስከ መቼ?»

አሰበችበት። ቁጣው አልፎላታል፤ ያ እንኳን ከወራት በፊት ነው። የቀረው ሌላ ነገር ነበር። «እስኪ ወንበር ላይ ውጪ» ቢላት ለምን ብላ እንደምትጠይቀው፣ ሲመልስላትም መልሱን እንደማታምነው ታውቃለች። ካሜራ ይዞ ከማያምኑት ሰው ጋር መቆም አይቻልም። «አላውቅም» አለችው።

ሻይውን ጨረሰ። ተነስቶ ብርጭቆውን ወደ ማጠቢያው ወሰደና በሳሙና አጥቦ ገልብጦ አስቀመጠው። በሕይወቱ እሷ ቤት ብርጭቆ አጥቦ አያውቅም። ከዚያ ጃኬቱን ለበሰ፤ ጉንጯን ሳማት፤ ደረጃውን ወረደ።